ቅቤው ከትንሿ ቅል

መካነ ሰላም፣ ሰኞ መስከረም 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጸደንያ

ልጄ፣ እንደ ወጉ ጤናሽን ጠይቄ ጤናችንን ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። እዚህ አገር ሞተሽ ነበር። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሞትሽ፤ ዓርብና ቅዳሜ ተለቀሰልሽ፤ ትናንት እሑድ ከቀትር በኋላ በአንድ ድስት በቆሎ ተነሣሽ። አባ ቃለ ክርስቶስ ይህን አነጋገሬን ሰምተው «ተው ልጄ አለኸኝ፣ በዚህ አይቀለድም» ብለውኛል። ሌላ አባባል ስላጣሁለት ነው።

እናትሽ አሁን ደህና ናት። በልታለች፣ ተኝታለች፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከእኔ ጋር ተጣልታለች። ከዚህ የበለጠ የጤና ምልክት አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ የአክስትሽ ልጅ ኒቆዲሞስ መንገዱ ሲከፈት ደሴ ይዞት ሄዶ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል፤ ስለዚህ ፊደሉን አጎላሁት። የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ። ማስታወሻ ደብተሬ ከፊቴ ተዘርግቷል። ግንቦት 3 ቀን ላይ «ጸደንያ ከኮሎምቢያ ደወለች። ነገ ወደ ፓናማ የሚያሻግረው ጫካ ይገባሉ። ለጥቂት ቀን ስልክ አይኖርም አለች» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች እንደ ሁልጊዜው የዝናብ፣ የገበያና የመንገድ ወሬ ናቸው። በየገጹ ግርጌ ግን «ወሬ የለም» የምትል መስመር አለች። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ። ነሐሴ ላይ የእኛም ስልክ ተቋረጠ። እናትሽ ስልኩን እንደ ጫጩት በብብቷ ይዛ ትውል ነበር፤ ከተቋረጠም በኋላ አላስቀመጠችውም።

መልእክትሽ ደሴ የደረሰው መስከረም 8 ቀን ነው። በፈረንጅ ፊደል የጻፍሽውን አማርኛ ኒቆዲሞስ በሰማያዊ እስክሪብቶ በእኛ ፊደል ገለበጠው፤ አምስት ገጽ ሆነ። «ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪ» ብሎ ቢጽፍልሽም፣ መልስ ሳይመጣ ወደዚህ የሚነሣ የጭነት መኪና አገኘ። መንገዱ በተከፈተበት ቀን ያልሄደ ሰው እስከ መቼ እንደሚጠብቅ አይታወቅም፤ ተሳፈረ። እስከዚህ ድረስ ያደረገው ሁሉ የብልህ ሰው ሥራ ነው። ያጠፋው እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው።

መኪናው ዓርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከተማ ጣለው። በዚያ ሰዓት ብቻዬን በር አላንኳኳም ብሎ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ቃለ ክርስቶስ ሄደ። እሳቸውም ወሬውን ሲሰሙ «ለሸዋረግ እኔው ራሴ ነኝ የምነግራት» ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ተነሡ። መንገድ ላይ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ አሕመድኑር ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ ተገናኙ። አባ ከእናትሽ በፊት ለሌላ ሰው መንገር አልፈለጉምና «ና፣ ተከተለን» ብቻ አሉት።

እንግዲህ አስቢው። ቄስ፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ፣ የእድር ጡሩምባ ነፊ። ሦስቱም ጋቢ ለብሰው፣ ብርዱ አፋቸውን ዘግቶት፣ ገና ሳይነጋ፣ ልጇ ከጠፋችባት ሴት በር ላይ። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዴት ሆኖ ነው?

እናትሽ በሩን ከፈተች። አባ ድንገተኛ ደስታ እንዳይጥላት ፈርተው፣ «ሸዋረግ ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አሏት።

ጩኸቷን አልገልጽልሽም። አሕመድኑርም ሌላ ማስረጃ አልጠበቀም፤ ሮጦ ሄዶ ጡሩምባውን ነፋ። አባ «በሕይወት አለች! አለች እኮ!» እያሉ ቢለፈልፉ ማን ይሰማል? ፀሐይ ስትወጣ ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው። ሦስት ሰዓት ሳይሆን የእድሩ ድንኳን ተተከለ። በኋላ አሕመድኑርን ምን ነካህ ብለው፣ «ቄሱ ዝም፣ ዘመዱ ዝም፣ ሴትዮዋ ጮኸች። ወላሂ አለኸኝ፣ አንተ ብትሆን ሠርግ ነው ትል ነበር?» አለኝ።

ሰው ጸጥ ሲል ኒቆዲሞስ ከመልእክትሽ የመጀመሪያውን ገጽ ተኩል አነበበላት። ወንዙ ስልክሽን እንደወሰደው፣ ከጫካው ከወጣሽ በኋላ ትኩሳት እንደጣለሽ፣ ታፓቹላ በምትባለው የሜክሲኮ ከተማ በጋሪ በቆሎ የምትሸጥ ሉፔ የምትባል ሴት ቤቷ አስገብታ እንዳስታመመችሽ፣ አሁን ድነሽ ከእሷ ጋር እንደምትሠሪ። «እማዬ፣ እኔ አሁን በቆሎ ጠባሽ ነኝ» የሚለውን ሲያነብ እኔ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። እናትሽ ግን ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና አየችው።

«ይሄ የእሷ ጽሕፈት ነው?»

«አይደለም እቴቴ፣ እኔ ነኝ ከስልክ የገለበጥኩት።»

«ድምፅዋስ?»

«አልደረሰልኝም።»

«አየህ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «መጀመሪያ አለች ይሉኛል። ነገ አሟታል ይሉኛል። ከነገ ወዲያ ጠንቶባታል ይሉኛል። ጎረቤታችን ብዙዬ ልጇ ሲሞት ሦስት ቀን ‹ሆስፒታል ነው፣ ይሻለዋል› እያልኩ ቡና ያጠጣኋት እኔ አይደለሁም? ያንኑ መልሳችሁ ለእኔ? ያስጻፍከውም አንተ ነህ። ነጋዴ ነህ፣ ቃል ማሳመር ታውቅበታለህ።»

ከዚህ በኋላ የተናገርነው ሁሉ መርዶ ማለሳለሻ ሆነባት። ደሴ ወስደን ድምፅሽን እናሰማሽ ብንላት «ሬሳ ልታሳዩኝ ነው» አለች። መኪናም ቢሆን አልነበረም፤ መንገዱ በማግስቱ ተዘጋ። እህል አልቀመሰችም። ውሃውንም ብዙዬ በግድ ነው ያስጎነጨቻት። ቅዳሜ ጠዋት መሬት ላይ እንደተኛች፣ «እሑድ ሳልስቷ ነው። መቀስ አምጣልኝ፣ ጠጉሬን እቆረጣለሁ» አለችኝ።

የእናትሽን ጠጉር ታውቂዋለሽ። እኔን ያስፈራኝ ግን የጠጉሩ ነገር አልነበረም። ሴት ለልጇ ጠጉሯን ከቆረጠች በኋላ «አለችልሽ» ብትያት አትሰማም፤ ጠጉሩ እስኪያድግ ድረስ በየቀኑ ትቀብርሻለች። መንገዱ እስኪከፈትና ድምፅሽ እስኪደርስ ድረስ እሷ ትቆያለች ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን አልወደድኩትም። ያለኝ ጊዜ አንድ ቀን ነበር።

ወጥቼ ሱቅ ውስጥ ተቀመጥኩና አምስቱን ገጽ እንደ ገዢ አገላበጥኳቸው። ገጽ ተኩሉ ወሬ ነው። ሦስት ገጽ ተኩሉ በቆሎ ነው። ኒቆዲሞስ «ለቅሶ ቤት የምግብ አሠራር አይነበብም» ብሎ ያንን ክፍል አላነበበላትም ነበር። እኔ ደግሞ ያየሁት በተቃራኒው ነው። ውሸት አጭር ነው ልጄ። ውሃ የገባበት ቅቤ የሚሸጥ ሰው «ንጹሕ ነው» ብሎ ያቆማል። እውነተኛው ላሟ ምን እንደበላች ሳይቀር ይነግርሻል። ለመርዶ ማለሳለሻ ብሎ ሎሚው መቼ እንደሚጨመቅ የሚጽፍ ሰው የትም አገር የለም። ስለዚህ ልሠራው ወሰንኩ። ያልሽውን ሁሉ እንዳልሽው አድርጌ እፊቷ አኖረዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ምግብ አለኸኝ ከራሱ አያመነጭም ትላለች አልኩ። ሌላ ሐሳብ ስላልነበረኝ ይህ ጥሩ ሆኖ ታየኝ።

እሸት በቆሎ ከቆላ ከዓባይ በኩል በአህያ ገብቶ ነበር፤ እንደ ዘንድሮ ያማረ አላየሁም። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ሎሚው፣ ቃሪያው፣ እንቁላሉ ቀላል ነው። የድንብላሉን ቅጠል ከጓሯችን ቀጠፍኩ፤ ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን የሚበላ ሰው አለ ብዬ አላውቅም ነበር። የቀረኝ አይብና የእርጎ ፊት ነው። ከአቀስታ በኩል የምትመጣውን ኑርጃንን ታስታውሻታለሽ? ከእሷ የተሻለ የወተት እጅ በዚህ ገበያ የለም። እኔ ግን ቅቤዋ ስገዛው የመዘነውን ያህል ስጭነው እየጎደለብኝ፣ ውሃ ታገባበታለች፣ ሲንጠፈጠፍ ነው የሚቀንሰው ብዬ አራት ዓመት ደንበኝነቷን ትቼ ነበር። ይህን ልብ በይልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስታየኝ ከቅሎቿ መካከል ተነሣች። «አያ አለኸኝ! አላህ ያጽናህ። ትናንት ሰምቼ እንቅልፍም አልወሰደኝ።»

«ኑርጃን፣ ልጄ አልሞተችም።»

«አብሽር። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል።»

«አይብ እፈልጋለሁ። ውሃው በደንብ የተንጠፈጠፈ፣ ጨው ያለበት። ከእርጎሽም የላይ የላዩን።»

«ለለቅሶ ቤት?»

«ለበቆሎ።»

አጠገቧ ወደ ተቀመጠችው ሴት ዞር አለችና፣ «ያረቢ፣ ሰውየው ለቀቀ» አለች፣ እኔ እንደማልሰማ። ከዚያ ወደ እኔ፣ «የእኔ ወተት ውሃ ነው ብለህ ለአገር ሁሉ ነግረህ የለም? ዛሬ ውሃ አማረህ?» አለችኝ። እንዲህ እያለች አይቡን በኮባ ቅጠል ጠቀለለች፣ እርጎውንም ገፈፈች። ሒሳብ ልሰጥ ብል እጄን መለሰችው። «ከሐዘን ቤት አልቀበልም።» ሐዘን የለም ብዬ ብከራከር እብደቴን ማጽናት ሆነብኝ። ተቀብዬ ሄድኩ። ባልሞተ ሰው ለቅሶ ዕቃ ስወስድ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ለሳልስት መሰብሰብ ጀመረ። ኑርጃንም ከዘመዶቿ ቤት አድራ ኖሮ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች። እናትሽ ሳሎኑ መሬት ላይ ናት፤ መቀሱ ጭኗ ላይ ነው። «ሰው ይሙላና እቆረጣለሁ» ብላለች። እኔ የከሰል ምድጃውን አንሥቼ ከፊቷ አኖርኩት፣ ድስቱን፣ መክተፊያውን፣ እንቁላሉን ደረደርኩ። ወረቀትሽን ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀልኩ። በበር የሚያዩት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ማዘናቸው ይሁን መሳቃቸው አላየሁም።

«ምን ልትሆን ነው?» አለችኝ እናትሽ።

«ልጅሽ ያለችውን ልሠራ ነው። ከሠራሁ በኋላ ጠጉርሽን ተቆረጪ፣ አልከለክልሽም።»

«አብደሃል።»

«ይሁን።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብኩ ጀመርኩ። «በቆሎውን ልጠው፣ ጺሙን አጽድተው፣ እየገለበጡ መጥበስ። እዚህም እዚያም ጠቆር ይበል እንጂ አይረር።» ጠበስኩ። «ቆረቆንዳውን አቁሞ ፍሬውን በቢላ ከላይ ወደ ታች መላጥ።» ላጥኩ፤ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ተበተነ፣ ዶሮዋ ገብታ ለቀመችው። ከዚያ ያ ማዮኔዝ ያልሽው መጣ። መካነ ሰላም ማዮኔዝ የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ እንደጻፍሽው የእንቁላል አስኳል ለይቼ ዘይት እየጨመርኩ በሹካ መታሁት። የመጀመሪያው ተበጣጠሰና እንደ ተበላሸ ወተት ሆነ። ዘይቱን ቸኩዬ ነው ያፈሰስኩት። ቅባትና ውሃ ሲጣሉ ስንት ዓመት አይቻለሁ፤ በጉልበት አይታረቁም። ሁለተኛውን ጠብታ በጠብታ አደረግሁት፣ ክንዴ እስኪዝል። ወፍራምና ነጣ ያለ ሆነልኝ። ሎሚ ጠብ አደረግሁበት። እናትሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ ብታዞርም በዓይኗ ጥግ ታየኝ እንደነበር ዛሬ አምናለች።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። «ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን በቅቤ ማቁላላት። እዚህ ቅቤው በወረቀት የተጠቀለለ ነው፣ ሽታ የለውም። እናንተ ቤት ግን ቅቤው ከትንሿ ቅል ይሁን፣ አለበለዚያ አይጣፍጥም።»

የቅቤ ነጋዴ ቤት ነው፤ ቅል ሞልቶናል። የትኛዋን እንደሆነ አላወቅሁም። ዝም ብዬ አጠገቤ ካለው ማንኪያዬን ሰደድኩ።

«ምን አልክ?» አለች እናትሽ።

«ምኑን?»

«አሁን ያነበብከውን።»

ደግሜ አነበብኩት። ተነሥታ ተቀመጠች። ከዓርብ ጀምሮ ቀና ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

«ይሄንን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ኒቆዲሞስ ነው የገለበጠው አላልኩሽም?»

«አለኸኝ። ትንሿ ቅል የትኛዋ ናት?»

«እኔንጃ። ያቺ እጀታዋ የተሰበረው ናት?»

«አታውቃትም?»

«ሴትዮ፣ የቱን ቅል ነው የምትይኝ?»

ፊቴን አየችው። ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ቅቤ ሳይ ኖሬአለሁ፤ በጣቴ ሰብሬ፣ አሽትቼ፣ በፀሐይ ይዤ። እኔን ግን እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም። ከዚያ ኒቆዲሞስን ጠራችው። «ና እዚህ። ትንሿ ቅል ምንድን ናት?» እሱ ደግሞ፣ «እቴቴ፣ እኔ ምን አውቄ? እንዳለው ነው የጻፍኩት» አለ።

መቀሱን ከጭኗ አንሥታ መሬት ላይ አኖረችው።

«ዙሩ» አለችን።

«ምን?»

«ፊታችሁን ወደ በሩ አዙሩ። ሁለታችሁም።»

ዞርን። ከኋላችን የሆነ ነገር ሲገፋ፣ የሆነ ነገር ሲነሣ ሰማሁ። ዞር በሉ ስትል ጭብጥ የምታህል፣ በጨርቅ የታሰረች ቅል በእጇ ይዛለች። እንዲህ ያለች ቅል ቤቴ ውስጥ እንዳለች እስከ ትናንት አላውቅም ነበር። ጨርቁን ስትፈታው የከረመው ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። «ጸደንያ የሄደች ለታ የሞላሁት ነው» አለች። «ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።» ከዚያ ነው ያለቀሰችው። የዓርቡ ልቅሶ ሌላ ነበር፤ ይሄኛውን ሰምተው ድንኳን ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተነሥተው ገቡ።

ስንት ዓመት እንደሰረቃችሁኝ የሰማሁት እንግዲህ በሕዝብ ፊት ነው። እኔ ቅቤ መዝኜ፣ አስቀምጬ፣ መኪና ልፈልግ ስወጣ፣ አንቺና እናትሽ ከላዩ ገፈፍ ታደርጉና እሸት በቆሎ ላይ፣ ቂጣ ላይ፣ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ደግሞ ጠጉርሽ ላይ ታደርጉታላችሁ። የተረፈው ቅሏ ውስጥ። እናትሽ እያለቀሰችም እየሳቀችም ስትናገር አንድ ነገር ጨመረች። «መቼም ጣት ከሰደዱ አይቀር ብለን ከኑርጃን ቅቤ ላይ ነበር የምንወስደው። እንደ እሷ የሚሸት አልነበረም።»

ኑርጃን በሩ ላይ ቆማለች።

«እንዴት እንዴት?» አለች። «አያ አለኸኝ፣ ሰማህ? የእኔ ቅቤ ውሃ የገባበት እዚህ ቤት ነው!» ወደ ሰዉ ዞረች። «አራት ዓመት! አራት ዓመት ስሜን ያጠፋው ይሄ ሰው፣ ሌባው አልጋው ላይ ተኝቶ!» ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ለሳልስት የመጣ ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይተሽ አታውቂም። አባ ቃለ ክርስቶስ እንኳ ዞር ብለው ጢማቸውን አበሱ። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኑርጃንን ይቅርታ ጠየቅሁ። «ይቅርታውን ተወው» አለችኝ፣ «ይልቅ በቆሎው እንዳያርብህ።»

እውነቷን ነበር። እናትሽ ማንኪያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሽንኩርቱን ከትንሿ ቅል ባወጣችው ቅቤ አቁላላች፣ በቆሎውን ገለበጠችበት፣ ከእሳት አውርዳ የእርጎውን ፊትና ያንን የእኔን ማዮኔዝ አዋሐደች፣ አይቡን ፈርፍራ፣ ቃሪያውን ከትፋ፣ ድንብላሉን ነስንሳ፣ በመጨረሻ እንዳልሽው ሎሚውን ጨመቀች። ብዙዬ ስስ ቂጣ ከሰል ላይ አድርቃ አመጣች። እናትሽ ቆርሳ አጠቀሰችና በላች። ሁሉም አፏን ያያል። ሁለት ቀን ተኩል እህል ያልቀመሰች ሴት የመጀመሪያ ቃሏ ምን ነበር መሰለሽ?

«በርበሬ ይቀረዋል።»

አባ ቃለ ክርስቶስ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ከዚያ አሕመድኑርን ጠርተው፣ «ዓርብ ሞተች ብለህ የነፋህ አንተ ነህ፤ አለች ብለህም ንፋ» አሉት። «አባ፣ ይሄ ጡሩምባ ለዳነ ሰው ተነፍቶ አያውቅም» ቢላቸው «ዛሬ ይጀምር» አሉት። ነፋ። የላይ ሰፈር ሰው ምን ያውቃል? «ደግሞ ማን?» እያለ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግልብጥ ብሎ መጣ። ለመጣው ሁሉ ቂጣና በቆሎ እየሰጠን አስረዳን። ድስቱ ወዲያው ተጠረገ፤ ከቆላ የመጣው እሸት ሁሉ ተገዝቶ ሦስት ጊዜ ተሠራ፣ አይቡም እርጎውም ከኑርጃን ነው፣ አሁንስ ዋጋውን ተቀብላለች። እድሩ ድንኳኑን እስከ መስቀል ድረስ አልነቅልም ብሏል። እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ አጠቀሰ፤ ሥጋ የለበትም፣ ቀኑም ጾም አይደለም። አሕመድኑር «የልጅሽ ለቅሶ እንዴት ይጣፍጣል» ብሎ እናትሽን አስቃት።

አሁን ለአንቺ የምለውን ልበል። ወደ ሰሜን ትቀጥይ፣ እዚያው ትቆዪ፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ የምለው ነጋዴ ለነጋዴ ነው፤ ትርፉን እንጂ መንገዱን የማይነግርሽን ደላላ አትስሚ። እሸቱ ሲያልቅ ሉፔ ምን እንደምትሸጥ ጠይቂያትና አስቀድመሽ ተዘጋጂ። ጋሪው የሚቆምበት ቦታ የራሷ ነው ወይስ በየቀኑ ይቀየራል? ጻፊልኝ። በጋሪ ላይ የቆመ ሰው እግሩን ያመዋል፤ ጠንከር ያለ ጫማ ግዢ። እናትሽ ደግሞ እንዲህ በልልኝ ብላለች፤ ሉፔን ሁለት ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ድምፅሽን ላኪ፣ በሎሚው ላይ አትሰስቺ። ከሦስቱ ድምፅሽን አስቀድሚ። ኒቆዲሞስ ቀድቶ በመጀመሪያው መኪና ያመጣልናል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው በቀን ነው፣ ብቻውን፣ እየዘፈነ። አስምዬዋለሁ።

የዛሬው ጥላችን ስለ ቅቤው ነው። «በስንት ቀን አንዴ ነበር የምትወስዱት?» ብላት፣ «ልጅ በልቶ ያደገበት አይጠየቅም» ብላ ጮኸችብኝ። ትክክል ናት፤ ግን እንዲያው ማወቅ ፈልጌ ነበር።

አሁን ደብተሬን ወደ ኋላ ስገልጥ አንድ ነገር አየሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በየቀኑ ስጽፍ ባዶ የቀረ ገጽ የለኝም። ዓርብ መስከረም 11 ባዶ ነው። ቅዳሜም «በቆሎ ገዛሁ» ብቻ ይላል። በዚያ ጎሕ ላይ እኔ ቆሜ አባን የተቀበልኳቸው ይመስለኝ ነበር። ኒቆዲሞስ ግን ከወደቅህበት ተደግፈህ ነው የተነሣኸው ይላል። እሱ ሲያጋንን ነው። አምስቱን ገጽ መልስልኝ ቢለኝ አልሰጠሁትም፤ ኪሴ ውስጥ ናቸው።

እግዚአብሔር ከሄድሽበት ሁሉ ቀድሞ ይጠብቅሽ። የዳሰስሽው ይባረክ፣ የቆምሽበት አደባባይ ሰው አይጣ። ያስጠጋችሽን ሴት ቤቷን ይሙላላት። ኑርጃንና አሕመድኑር ዱዓ አድርገውልሻል፤ የአባ ጸሎት ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ በእጥፍ ነው፣ ዕዳ አለባቸውና።

ቅሏን እናትሽ ወደ ቦታዋ መልሳታለች፤ ስትመልሳትም አዙራኛለች። ዛሬ ጠዋት ከኑርጃን የገዛሁትን ቅቤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና፣ መኪና ልፈልግ ብዬ ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። የምፈልገው መኪና አልነበረም። ደጅ ትንሽ ቆየሁ። ስመለስ ቅቤው ከላይ ጎድሏል፤ ደግሜ አልመዘንኩትም። ቅሏ የት እንደምትቀመጥ አላውቅም። መሙላቷን ግን አውቃለሁ።

አባትሽ
አለኸኝ